የጨሞጋን ወንዝ ማን ይቆጣጠረዋል?

ትምህርታዊ ጽሑፍ ለዕጩ መምህራን

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። እኛም የዛሬውን ትምህርት ከሥሩ እንጀምር። የአካባቢ ቁጥጥር ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ፋብሪካ ነው፤ ጭሱ፣ ኬሚካሉ፣ ከቱቦ የሚወጣው ቆሻሻ ውኃ፣ ከዚያም መዝገብ ይዞ በር የሚያንኳኳው ተቆጣጣሪ። ከዚህ የተነሣ «እንዲያው ለመሆኑ ይጁቤ ላይ ምን ፋብሪካ አለና ነው ስለ ቁጥጥር የምታወሩት?» የሚለን አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ወንዝ ዳር ወርደን እንፈልገው።

ይጁቤ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው ከደጋው ተነሥቶ ቁልቁል እስከ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ከበላያችን ጮቄ ተራራ አለ። ከጮቄ የሚነሣው ጨሞጋ በደብረ ማርቆስ አጠገብ ያልፍና መጨረሻው ዓባይ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዝ እንደ አተላ ደፍርሶ ሲወርድ ያላየ የአካባቢያችን ልጅ የለም። ታዲያ ያደፈረሰው ምንድን ነው? የማሳችን አፈር ነዋ! ጭስ አያጨስም፣ አይሸትም፣ ማንንም በሌሊት አይቀሰቅስም፤ ነገር ግን ጤፋችንንና ስንዴያችንን የሚያበቅለው መሬት በየዓመቱ ከላዩ እየተገፈፈ ይሄዳል። በጋ ሲሆን ደግሞ ያው ወንዝ ይከሳል። እንሥራ ይዛ የምትወርደው እናት ይህን ከማንም ቀድማ ታውቀዋለች።

የደጋው አገራችን ትልቁ ጉዳት በዚህ መንገድ የሚደርስ ከሆነ፣ ቁጥጥሩም ወደዚሁ መዞር አለበት ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ለማየት እንሞክራለን። ይኸውም ቁጥጥር ምን ማለት እንደሆነ፣ ዓለም አቀፍ ትብብርና የተሻለ ቴክኖሎጂ በጎጃም ምድር ምን እንደሠሩ፣ በመጨረሻም መምህሩ በዚህ ሁሉ መካከል የት እንደሚቆም ነው።

ሀ. ቁጥጥር ማለት ምን ማለት ነው?

ቁጥጥር እንደ ጉልቻ ሦስት ነው፤ አንዱ ከጎደለ ድስቱ ይደፋል።

አንደኛው ጉልቻ መለካት ነው። «ወንዙ ድሮ ይበዛ ነበር» ማለት ትዝታ ነው፤ ልኬት ለመሆን ስንት ነበር? መቼ? የት ላይ ቆመን ለካነው? የሚሉትን መመለስ አለበት። ሁለተኛው ማነጻጸር ነው። አንድ ልኬት ለብቻው ብዙ አይናገርም። በዚያው ቦታ፣ በዚያው ዘዴ፣ በሌላ ዓመት ከተወሰደ ልኬት ጋር ሲተያይ ግን አፍ ያወጣል። ሦስተኛው መጠየቅ ነው። መጠየቅ ስንል ሁለቱንም ትርጉሙን ይዘን ነው። «ለምን ሆነ?» ማለትም መጠየቅ ነው፤ ጥፋት ያደረሰውን በኃላፊነት መያዝም መጠየቅ ነው።

ለሦስተኛው ጉልቻ በአገራችን ሕግ ወጥቶለታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደነገገ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ የአካባቢ ተቆጣጣሪዎች እንዲመደቡ አዘዘ። ተቆጣጣሪው አስቀድሞ ሳያስታውቅና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይዝ ወደ ማናቸውም ቦታ ገብቶ እንዲመረምር፣ ናሙና እንዲወስድና ፎቶግራፍ እንዲያነሣ ሥልጣን ሰጠው። እዚያው አዋጅ ላይ ለተራው ሰው የሚጠቅም ሌላም ነገር አለ። ማንኛውም ሰው «አንተን ምን አገባህ?» ሳይባል፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ላይ አቤቱታ ማቅረብ እንዲችል ተደነገገ። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ለተቆጣጣሪው በር የሚያስከፍት ሥልጣን ሲሰጠው፣ አፈራችን በአንድ በር አይወጣም። በሺህ ማሳ ጥግ፣ በሺህ ቦይ፣ በከብት መንገድና በቦረቦር ነው የሚወጣው። አንዱን ይዘን «አንተ ነህ» የምንለው ሰው የለም። ስለዚህ በእኛ አገር ቁጥጥር መለካቱንና ማነጻጸሩን እጅግ ማጠንከር አለበት። ትብብርና ቴክኖሎጂ የሚገቡትም እዚህ ላይ ነው።

ለ. የጨሞጋ ምስክሮች

የዓባይን ተፋሰስ ከውጭ አገር ጋር ተባብሮ ማጥናት አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 የኢትዮጵያ መንግሥትና የአሜሪካ ባለሙያዎች ተፋሰሱን በጋራ ሲያጠኑ በየወንዙ የውኃ መለኪያ ጣቢያዎች ተተከሉ። የጨሞጋም የውኃ ልኬት ከ1960 ጀምሮ ያለው ተሰብስቦ ይገኛል። ያን ጊዜ በየቀኑ የውኃውን ከፍታ አይቶ የሚጽፈው ሰው ቁጥሩ ከአርባ ዓመት በኋላ ለምን እንደሚያገለግል ሊያውቅ አይችልም ነበር። ሥራው ግን ጠቀመን።

የጂኦግራፊ ምሁሩ ወልደአምላክ በእውቀት በኔዘርላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያጠኑት ይህንኑ የጨሞጋን ተፋሰስ ነው። ዘዴያቸው ለተማሪ ሊገለጽ የሚችል ነው። በ1957 ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶግራፍ አለ፤ በ1982 የተነሣም አለ፤ በ1998 ደግሞ ስፖት የተባለው የፈረንሣይ ሳተላይት ያነሣው ምስል አለ። ሦስቱን ጎን ለጎን አድርገው 36,400 ሄክታር የሚሆነውን መሬት አነጻጸሩ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ውጤቱ ምን ሆነ? እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙዎቻችን ብንጠየቅ «ደኑ አለቀ» ብለን እንመልሳለን። መዝገቡ ግን ሌላ ነገር አሳየ። በደን የተሸፈነው መሬት በዓመት 11 ሄክታር ያህል እየጨመረ ነበር። ምክንያቱም በየግቢውና በየወል መሬቱ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። በአንጻሩ በወንዝ ዳር የነበረው ዛፍ በእነዚያ አራት አሥርት ዓመታት ውስጥ 79 በመቶ ጠፋ። ከአምስት ዛፍ አራቱ ሄደ እንደማለት ነው። እርሻውና ግጦሹ እስከ ወንዙ ከንፈር ድረስ ስለተገፋ የወንዙ ልብስ ተገፈፈ። ተራራ ላይ አረንጓዴ እያየን፣ ወንዙ ዳር የሆነውን ሳናስተውል ቆይተናል ማለት ነው።

ወልደአምላክ ከኔዘርላንዱ ተመራማሪ ከኼርት ስተርክ ጋር ሆነው የወንዙንም መዝገብ መረመሩ። ከ1960 እስከ 1999 ድረስ የበጋው ውኃ፣ ማለትም ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት ወሮች የሚወርደው፣ በየዓመቱ በ0.6 ሚሊ ሜትር ሲቀንስ ኖሯል። በእነዚያው ወሮች የዘነበው ዝናብ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ስለዚህ «ዝናቡ ነው» ብሎ ማምለጥ አይቻልም። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን በመሬቱ ላይ አገኙት፤ የተፈጥሮ ሽፋኑ መመንጠሩ፣ የእርሻው መስፋፋት፣ ከልክ ያለፈ ግጦሽና የባሕር ዛፉ መብዛት።

«0.6 ሚሊ ሜትር ደግሞ ምኗ ናት!» የሚል ካለ አብረን እናስላ። አንድ ሚሊ ሜትር ውኃ በአንድ ሄክታር ላይ ሲነጠፍ 10 ሜትር ኩብ ነው። በ36,400 ሄክታር ላይ 364,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። 0.6 ሚሊ ሜትር ደግሞ 218,400 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ይጠቀማል ብንል፣ ይህ ውኃ ወደ 30,000 ለሚጠጋ ሕዝብ ዓመት ሙሉ ይበቃል። ወንዙ ይህን ያህል የቀነሰው በአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ያህል፣ ከዚያም እንደገና ያንኑ ያህል ይደመርበታል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት በቁጥር ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

ሐ. ጠርሙስ የያዘው ሰው

ፎቶግራፍ ከላይ ሆኖ መሬቱ መለወጡን ይነግረናል። አፈሩ በየትኛው ዝናብና በየትኛው ሰዓት እንደሄደ ግን አይነግረንም። ለዚህ መሬት ላይ የቆመ ሰው ያስፈልጋል። የዚህን ምሳሌ ለማግኘት ከጨሞጋ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ደምበጫ አካባቢ መሻገር አለብን።

እ.ኤ.አ. በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ በሐንስ ሁርኒ መሪነት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም አቋቋሙ። በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የምርምር ጣቢያዎች ተከፈቱ። የጎጃሙ ጣቢያ በ1984 አንጀኒ ላይ ተቋቋመ። 113 ሄክታር የሚሆን ትንሽ ተፋሰስ ተመርጦ፣ ከበታቹ የወንዙ መለኪያ ተሠራ።

የሥራው ዘዴ የሚያስደንቀው በቀላልነቱ ነው። ዝናብ ዘንቦ ውኃው መደፍረስ ሲጀምር፣ የአካባቢው ተወላጅ የሆነው መዝጋቢ የውኃውን ከፍታ ያነብባል፤ በአንድ ሊትር ዕቃ ናሙና ይቀዳል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና ይቀዳል። እንዲህ እያለ ውኃው እስኪጠራ ይቀጥላል። ናሙናው በወረቀት ይጠለላል፤ አፈሩ ይደርቃል፤ ይመዘናል። ዝናቡ በሌሊት ቢመጣ መዝጋቢውም በሌሊት ይወጣል። መሣሪያው ጠርሙስ፣ ማጥለያ፣ ሚዛንና ሰዓት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ግን የሰውየው ታማኝነት ነው።

ከእንዲህ ያለው መዝገብ የተገኘ አንድ ቁም ነገር እንጥቀስ። ወንዙ በአንድ ሊትር ውስጥ የሚሸከመው አፈር ከሁሉ የሚበዛው በክረምቱ መግቢያ ነው፤ እየቆየ ሲሄድ፣ ውኃው ቢበዛም እንኳ፣ በሊትር ያለው አፈር ይቀንሳል። ለምን? ሰኔ ላይ ማሳው ታርሶ፣ ለስልሶ፣ ገና ሽፋን ሳያበጅ ራቁቱን ነው የሚቀበለው። ነሐሴ ላይ ግን ሰብሉ መሬቱን ይይዘዋል። ከዚህ ለቁጥጥር ሥራ የሚተርፍ ትምህርት አለ፤ በመስከረም ብቻ ሄዶ የሚለካ ተቆጣጣሪ «ችግር የለም» ብሎ ሊመለስ ይችላል። ሌባው ግን ሰኔ ላይ መጥቶ ሄዷል።

ሁርኒ በነዚህ ጣቢያዎች ሥራ ላይ ተመሥርተው በ1988 ባሳተሙት ግምት ከታረሰ መሬት በአማካይ በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል። ይህ ከማሳው ላይ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ልጦ እንደመውሰድ ነው። አፈር ለመሠራት ግን ከዚህ በብዙ የዘገየ ነው። በአንጀኒ በ1986 ፋንያ ጁ የተባለው እርከን ተሠራ፤ ቃሉ የስዋሂሊ ሲሆን አፈሩን ወደ ላይ እየወረወሩ መካብ ማለት ነው። እርከኑ ከመሠራቱ በፊትም በኋላም ሲለካ ስለነበር፣ «እርከን ይጠቅማል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከክርክር ወጥቶ ወደ መዝገብ ገባ።

መ. ሳተላይት የሚያየውና የማያየው

አሁን ወደ አዲሱ ቴክኖሎጂ እንምጣ። ላንድሳት የተባለው የመጀመሪያው የአሜሪካ የመሬት ተመልካች ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1972 መጠቀ። የላንድሳት ምስሎች ከ2008 ጀምሮ ለማንኛውም ሰው በነፃ ተለቀቁ። አውሮፓውያን በ2015ና በ2017 ያመጠቋቸው ሁለቱ የሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ተደጋግፈው አንድን ቦታ በአምስት ቀን አንድ ጊዜ እንዲያዩ ተደርገው ተሠሩ፤ በምስሉ ላይ ትንሿ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነች። አንድ ጎጆ ከነግቢዋ እንደማለት ነው። አገራችንም ከቻይና ጋር ተባብራ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1 የተባለችውን የመጀመሪያዋን ሳተላይቷን ከቻይና ምድር አመጠቀች፤ መቆጣጠሪያዋም እንጦጦ ላይ ተሠራ። ዓላማዋ ለግብርና፣ ለአየር ንብረትና ለአካባቢ ጥበቃ የሚሆን መረጃ መሰብሰብ ነበር።

ድሮ ሁለት የአየር ፎቶግራፎችን ለማነጻጸር ሃያ አምስት ዓመት መጠበቅ ካስፈለገ፣ ዛሬ የአንዱን ወርና የሌላውን ወር ማነጻጸር ተችሏል። ተቆጣጣሪው ወደማይደርስበት ገደል ዓይኑን መላክ ይችላል። ይህ በእውነቱ ትልቅ እርምጃ ነው።

ነገር ግን ሁለት ነገር እንወቅ። አንደኛ፣ በብርሃን የሚያይ ሳተላይት ደመና ያግደዋል። የጎጃም አፈር የሚታጠበው ደግሞ ሰማዩ በደመና በተዘጋበት በዚያው ወቅት ነው። ደመናን አልፎ የሚያይ የራዳር ሳተላይት አለ፤ ሴንቲኔል-1 ከ2014 ጀምሮ ለዚህ መጠቀ። ቢሆንም ሊትሩ ውኃ ስንት ግራም አፈር እንደያዘ የሚመዝነው ያው ጠርሙስ የያዘው ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ሁሉ አንድ ሊመስል ይችላል። ባሕር ዛፉ ከዋንዛና ከሾላ ተለይቶ እንዲታወቅ፣ ዛፉን በስሙ የሚያውቅ ሰው መሬት ላይ ሄዶ ማረጋገጥ አለበት። ስለዚህ ሳተላይቱ የመዝጋቢውን ሥራ አያስቀርም። የት ቦታ ሄዶ ማየት እንዳለበት ግን ይጠቁመዋል።

ሠ. ትብብሩ እንዴት ያለ ይሁን?

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ኖሯል። አሁን ማደሪያ አገኘ፤ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ታዲያ ዓባይ ሲያድር የተሸከመውም አብሮት ያድራል። ከጨሞጋ ዳር የታጠበ አፈር መንገዱ ወደዚያው ነው። ከድንበር ማዶ በ1966 እ.ኤ.አ. የተሠራው የሱዳኑ የሮሴሬስ ግድብ ከውኃ መያዣው ትልቅ ክፍል በደለል ሞልቶበታል። ስለዚህ የይጁቤ ገበሬ ማሳ፣ የጉባ ግድብና የሱዳን መስኖ በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው። ላይኛው ሳይለካ የታችኛው ቢለካ፣ በሽታው ሳይታወቅ ትኩሳቱን መቁጠር ይሆናል።

ትብብር ያስፈልጋል ማለት ግን የመጣውን ሁሉ መቀበል ማለት አይደለም። በእኛ አስተያየት ጥሩ ትብብር በሦስት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ የውጭው ባለሙያ ሲሄድ ልኬቱ አይቆምም፤ መዝገቡ ከነሙሉ ዓመታቱ እዚሁ ይቀራል። ሁለተኛ፣ የአገሩ ልጅ ውኃ ቀጂ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ተመራማሪ ይሆናል። የጨሞጋ ጥናት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የኮርኔልና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሕር ዳር ላይ የጀመሩት የተፋሰስ አያያዝ የማስተርስ ትምህርትም ሌላው ነው። ሦስተኛ፣ ውጤቱ ውኃው ወደተቀዳበት ሰፈር፣ በሰፈሩ ቋንቋ ይመለሳል።

በሦስተኛው ላይ ገና ብዙ ይቀረናል። ስለ ጨሞጋ የተነገሩት ቁጥሮች በእንግሊዝኛ መጽሔቶች ከታተሙ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በዚያው ወንዝ ዳር የሚያርሰው ገበሬና በዚያው ወንዝ የሚታጠበው ተማሪ ግን ስንቱ ሰምቷቸዋል? ልኬት ተለክቶ፣ ንጽጽር ተነጻጽሮ፣ የሚጠይቀው ሰው ካልሰማ ሦስተኛው ጉልቻ ጎደለ። መምህሩ የሚቆመው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው።

ረ. በክፍል ውስጥ ምን እንሥራ?

ለሥራው ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ከዚህ በታች ያለው ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ሊሠራ ይችላል።

1. ዝናብ መለካት፦ ግድግዳው ቀጥ ያለ ጣሳ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ ይቀመጥ። በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት የገባው ውኃ በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ተለክቶ ይጻፍ፤ ከዚያ ጣሳው ይደፋ። ያልዘነበበት ቀንም «0» ተብሎ ይጻፋል። ባዶ የተተወ መስመር ግን ዝናብ ይኑር አይኑር አይነግረንም።

2. ድፍርስ መለካት፦ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶች ይዘጋጁ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከአንድ ቦታ፣ እኩል ውኃ ይቀዳ። ሳይነቃነቅ 24 ሰዓት ይቀመጥና ከታች የረጋው አፈር በማስመሪያ ይለካ። ቀኑ በጠርሙሱ ላይ ይጻፍ። የሰኔውና የመስከረሙ ጎን ለጎን ሲቆሙ ትምህርቱን ራሳቸው ይሰጣሉ። ማስጠንቀቂያ! ልጅ ወደ ሞላ ወንዝ አይላክም። ውኃውን መምህሩ ራሱ፣ ያለዚያም ከትምህርት ቤቱ ጎን ካለ ትንሽ ቦይ መቅዳት ይበቃል።

3. ዛፍ መቁጠር፦ በወንዙ ዳር 100 እርምጃ ተለክቶ ያሉት ዛፎች በየስማቸው ይቆጠሩ። በዓመቱ በዚያው ቦታ እንደገና ይቆጠሩ። ሽማግሌዎችም ድሮ ምን ዛፍ እንደነበር ይጠየቁ፤ የተናገሩት ግን ከልኬቱ በተለየ ገጽ ይጻፍ።

4. ማሳወቅ፦ በዓመቱ መጨረሻ ውጤቱ በአንድ ገጽ ተጠቃሎ ለወላጆች ስብሰባ ይነበብ፤ አንድ ቅጂ በወረዳው አካባቢ ጥበቃን ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ይሰጥ። መምህሩ ሲዛወር መዝገቡን ይዞ አይሂድ! ለሚተካው ያስረክብ።

እነዚህ ልኬቶች የባለሙያውን መሣሪያ አይተኩም። ሆኖም አሥር ዓመት ሳይቋረጥ የተያዘ የትምህርት ቤት ደብተር፣ አንድ ሳምንት ቆይቶ የሚሄድ ውድ መሣሪያ የማያውቀውን ያውቃል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በጨሞጋ ተፋሰስ ደን እየጨመረ ሳለ የበጋው ውኃ የቀነሰው ለምንድን ነው? ቢያንስ ሦስት ምክንያት ስጡ።
2. ደን በዓመት በ11 ሄክታር ቢጨምር፣ ከ1957 እስከ 1998 ድረስ ስንት ሄክታር ይሆናል? ይህ ከ36,400 ሄክታር ስንት በመቶ ነው?
3. በነሐሴ ወር ስለ አፈር መታጠብ ለማወቅ ከሳተላይት ምስልና ከጠርሙስ ናሙና የትኛውን ትመርጣላችሁ? ለምን?
4. በምትመደቡበት ቀበሌ ከሁሉ አስቀድሞ መለካት ያለበት ምንድን ነው? ማን ይለካዋል? ለማንስ ይነገራል?